ያልተቀየረው ፊልትሮ

የኔ ልጅ፣ እንደምን ሰነበትሽ? በገባሽበት ሁሉ ሰው ይውደድሽ፣ ክፉ አይይሽ። እኛ ደህና ነን። የጓዳው ጣሪያ ተጠግኗል፤ ታናሽ ወንድምሽንም ሳሉ ለቆታል።

የገዛሽው የጭነት መኪና ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። መመሪያውን ቀስ እያልኩ አነበብኩት። የሞተሩ ዘይትና ዘይቱን የሚያጣራው ፊልትሮ በየአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ አቧራ ውስጥ ከባድ ጭነት ለሚጭን ደግሞ በየአምስት ሺው ነው። ይህን ካላደረግን ሞተሩ ቢበላሽ መኪናውን የሸጠልን ኩባንያ ዋስትና አለን ብንል አይሰማንም። የኛ መኪና ደግሞ ከድንጋይ መፍጫው አይወጣም፤ አምስት ሺውም ሊሞላ ነው።

መኪናውን የሚነዳልን አጎትሽ ባለፈው ሳምንት "ዘይቱን አስቀይሬዋለሁ" አለኝ። ነገረ ሥራው ስላልጣመኝ አስቀድሜ ፊልትሮው ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌበት ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳይ ምልክቱ እዚያው አለ። ለዚሁ ብለን የገዛነው ዘይት የት እንደደረሰ እንጃ።

"ፊልትሮውም ተቀይሯል?" አልኩት።

"እታለም፣ ደግሞ መካኒክ ሆንሽ?" ብሎ ሳቀ። ተቀይሯል ግን አላለኝም።

ቁልፉን ወስጄ ደብቄዋለሁ። ነገ ጎረቤታችን ሹፌሩ ወደ ኩባንያው ጋራዥ ይነዳልኛል። አጎትሽ ሲደውልልሽ እባክሽ ቆጣ በይበት። እኔ ወንድሜ ነውና ፊቱን ሳይ ቁልፉን መልሼ እሰጠዋለሁ ብዬ እፈራለሁ።

ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ ያሰብሽው ሁሉ ይሙላልሽ።

እናትሽ