ውሃ የጠገቡ አበቦች

ይድረስ ለማከብርዎ እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱልን? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ወንድምዎ ድርጅቱ ሹፌሮቹን ከቀነሰ ወዲህ የበረንዳው አበቦች ሞግዚት ሆኗል። ጠዋት ያጠጣቸዋል፤ ፀሐይ ሳትበረታ ደግሞ ይደግማቸዋል። ቅጠላቸው ቢጫ ሲሆን ችግኝ ሻጯን ብጠይቃት፣ «ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ፤ እርጥብ ከሆነ አታጠጡ፣ ሥሩ ይበሰብሳል» አለችኝ።

ነገርኩት። ጣቱን ከተተና «እርጥብ ነው» አለኝ።

«ታዲያ ተወው እንጂ።»

ጆጉን እንደያዘ፣ «ትቼውስ ምን ልሥራ?» አለኝ።

ጆጉን ተቀብዬው ሄድኩና ውሃ ሞልቼ ሰጠሁት።

እትዬ፣ እርስዎ ሲናገሩት ይሰማል። መንገድ ከቀናዎት ብቅ ይበሉ፤ መኝታ አናጣም። ልጆቹ በናፍቆት ይስሙዎታል። ጤና አይንሳዎት።

የወንድምዎ ባለቤት