ወረንጦው የት ገባ

የካቲት 6 ቀን 2004፣ ማክሰኞ። ጠዋት 3 ሰዓት

ግራው እንደገና ተበላሸ። ቀኙ ደህና ነው። ግራው ላይ ግን የኩሉ መስመር ዳር ሲደርስ ሽቅብ ይሸሻል። ጓደኛዬ ራሄል አይታኝ በሳቅ ሞተች፤ ቀኝ ዓይንሽ ለቅሶ፣ ግራሽ ሠርግ ሄዷል አለችኝ።

ደብተሬ፣ አንተም ታዝበኸኝ ይሆናል። ፊተኛው ገጽህ ላይ የእንቁራሪት ልብ ሥዬብሃለሁ፣ ክፍሎቹን በቀስት አመልክቼ። አሁን ደግሞ የሽፋሽፍት ሥር። የባዮሎጂ ዲግሪ፣ ከዚያ ወራት ሙሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ከዚያ የቀበሌ ስብሰባ። ሥራ ፈጣሪ እንጂ ሥራ ጠባቂ አትሁኑ ተባልን። ወይ ድንጋይ ንጣፍ፣ ወይ የውበት ሥራ። አምስት ሴቶች ተደራጀን።

ምዘናው ረቡዕ የካቲት 21፣ ጠዋት 2፡30። ያለፈች ቀበሌው የሚሰጠን የመሥሪያ ሼድ ውስጥ ትገባለች። የቀረች በሌላ ትተካለች። እኔ አልፋለሁ። ማለፍ አለብኝ።

የካቲት 8፣ ሐሙስ

ፒያሳ፣ እትዬ ሙኒራ ሳሎን። የሚያሠለጥኑን እሳቸው ናቸው። የዛሬው ትምህርት፦ ክርን ጠረጴዛ ላይ። እርሳሱን መዳፍ ጀርባ ላይ ትንሽ ማሞቅ። መስመሩን አንዴ አትጎትቺ፤ ሽፋሽፍቱ ሥር ነጥብ ነጥብ፣ ከዚያ ማገናኘት። ሴትየዋ ዓይኗን ጭምቅ አድርጋ አትጨፍን፤ ወደ ታች ትይ።

እኔ ሁሌ እቸኩላለሁ። ዓይኑን ሳላይ ኩሉን አነሳለሁ። እትዬ ሙኒራ እጄን መታ አደረጉኝ። "ዓይን የፈጠረው አላህ ነው፤ አንቺ ምን ታደርጊበታለሽ? ያለውን እዪ መጀመሪያ!"

ደግሞ የልጃገረድ የዓይን ቆብማ ማንም ይኩለዋል አሉ። ምዘናው ላይ በዕድሜ የገፋች እናት ዓይን ቢደርስሽስ? እቤት ተለማመጂ።

ማታ ዕቃዬን ስቆጥር ወረንጦው የለም።

የካቲት 11፣ እሁድ

ቤተ ክርስቲያን። ጸሎቱ ገና ሲጀመር እማዬ እንባዋ ዱብ ዱብ። እንደ ሁልጊዜው። የጸሎት እኅቶች የእንባ ጸጋ አላት ይላሉ። ልጅ የታመመባት፣ ባል የጠፋባት፣ ሁሉም እሷ ጋ ይመጣሉ፤ አንቺ አልቅሽልን። ሰፈር ደግሞ ለአባዬ ነው ይላል፣ ከሞተ ጀምሮ አልደረቀላትም።

እኔ አጠገቧ ቆሜ ስለ ግራ ዓይን መስመር አስባለሁ። አፈርኩ።

የካቲት 13፣ ማክሰኞ

ከራሄል ጋር ተጣላን። ወረንጦዬን አንቺ ነሽ የወሰድሽው አልኳት፣ ሰው ፊት። የራሷን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችልኝ። "እንኪ! ዲግሪሽን ንቀዪበት!" ሁሉም ሳቁ። ሳሎኑ እስኪዘጋ አላናገረችኝም።

ቀኑን ሙሉ ደመና። የሐይቁ ሽታ እስከ ፒያሳ።

የካቲት 14፣ ረቡዕ። ማለዳ

ተገኘ። የእማዬ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፣ ዚፕ ያለው ማቀፊያው ኪስ ውስጥ። ጥቅስ ልፈልግ ስከፍተው ወደቀ። ምን ይሠራል እዚህ አልኳት። እሾህ ወግቶኝ አለች። እግሯን አየሁ። ምንም የለም።

ራሄልን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። ምን ብዬ?

የካቲት 15፣ ሐሙስ። ከቀኑ 10 ሰዓት

እንደሆነው ልጻፈው።

እማዬን ለምኜ ለልምምድ አስቀመጥኳት። አንድ ዓይን ብቻ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ወዲያው ሊታጠብ። እኅቶች ድንገት ቢመጡ ምን ልላቸው ነው ትላለች፣ ትስቃለች። መስኮት ሥር። ክርኔ ጠረጴዛ ላይ። ወደ ታች እዪ አልኳት፣ ቆቧን በአውራ ጣቴ ሳብ አደረግሁ። መጀመሪያ ዓይኑን ማየት።

ነጥብ የምጀምርበትን የሽፋሽፍት ሥር ፈለግሁ። የለም። እንደ ታጨደ ማሳ ቁርጥራጭ ብቻ። የቀሩት ፀጉሮች ወደ ውስጥ ታጥፈዋል። ዓይኗ በተርገበገበ ቁጥር ብሌኗን ይፍቁታል። ጥቁሩ ላይ ጭጋግ የመሰለ ነጭ።

እርሳሱን አስቀመጥኩ።

ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ነው የጀመራት። በዳሰሳ፣ በወረንጦ ትነቅላለች። አጥሮ እንደ መርፌ ሆኖ ይመለሳል። እንደገና ትነቅላለች። ጨውና ስኳር በጣቷ ቀምሳ የምትለየው፣ መርፌ ክሪልኝ የምትለኝ፣ ለካ!

ስለ ትራኮማ ፈተና ላይ ሙሉ ነጥብ ነበር ያገኘሁት። ደረጃዎቹን በቃሌ ነው የማውቃቸው። ከአንድ ማዕድ እየበላን ዓይኗን አላየሁም።

እንባውስ አልኳት፣ ጸሎቱስ? የመለሰችልኝ በሲዳምኛ ነው፣ ሲጨንቃት እንደምታደርገው፤ መጀመሪያ አንዷ እኅት ጸጋ ነው አለች፣ አይደለም ለማለት አፈርኩ፣ ከዚያ ጊዜው አለፈ አለችኝ። ታክሜ ቢደርቅ ምን ይሉኛል? ወደ በሩ አየች። "ሁሉም ውሸት አልነበረም እኮ፣ ልጄ።"

የካቲት 16፣ ዓርብ

ቱላ፣ ጤና ጣቢያ። ግማሽ መንገድ ላይ ልመለስ አለች፤ ክንዷን ይዤ አስቀረኋት። ነርሷ ቆቧን ገልብጣ አየች። ቀኙ ያጣውን አይመልስም አለች። ግራው ቶሎ ከተሠራ ይተርፋል። ቀላል ቀዶ ጥገና ነው። ሐኪሞቹ የሚመጡት አንድ ቀን ነው፤ ደግመው መቼ እንደሚመጡ አታውቅም።

መቼ ነው አልኩ።

ረቡዕ አለች። የካቲት 21፣ ጠዋት። ሰው ይዛ ትምጣ፣ ዓይኗ ታሽጎ ነው የምትመለሰው።

እማዬ ሰምታለች፣ ምዘናው ረቡዕ እንደሆነም ታውቃለች። ባጃጅ ውስጥ፣ ብቻዬን እሄዳለሁ አለችኝ። ብቻዋን አትሄድም። አውቃታለሁ። መናኸሪያ ደርሳ ትመለሳለች፣ ከዚያ ወረንጦዬ እንደገና ይጠፋል።

ምዘናው ከሰዓት ነው አልኳት። እንዴት ቀለለኝ ውሸቱ።

የካቲት 20፣ ማክሰኞ

ነገ ምዘናው ላይ እንደማልገኝ ለእትዬ ሙኒራ ነገርኳቸው። ሌላ ዙር ይመጣል ብለው አልዋሹኝም፤ አላውቅም አሉ። ከዚያ የተሰበረ መስተዋት ሲጠርጉ ቆዩ።

ራሄልን ይቅርታ ጠየቅሁ። ስለ ወረንጦው ሁሉንም ነገርኳት። አለቀሰች። ቢሆንም ማምሻውን በእኔ ቦታ የምትተካውን ሴት ስም ቀበሌ አስገብታለች። ማስገባት ነበረባት። እኔም ብሆን አስገባ ነበር። አልተቀየምኩም። ተቀይሜያለሁ። ዛሬ መስመሩ ሁለቱም ዓይኔ ላይ እኩል ወጣልኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ማንም አላየውም። ታጠብኩት።

የካቲት 21፣ ረቡዕ። ጠዋት 1፡15

ዝናብ ሊመጣ ነው። እማዬ ተጣጥባ ነጠላዋን ለብሳለች። ምንም አልተቀባችም፣ ነርሷ እንዳዘዘችው። ቁርስ አልበላም ብላለች፣ ፈርታለች። እኔም ፈርቻለሁ። ራሄል ይሄኔ ብሩሾቿን እያጠበች ነው። 2፡30 ላይ ስሜን ይጠሩ ይሆን፣ ወይስ ዘለውት ያልፋሉ?

ባጃጁ በር ላይ ጡሩንባ ነፋ። እማዬ ተመልሳ ገባች። ዕቃ ረሳች ብዬ ነበር። የመጽሐፍ ቅዱሷን ዚፕ ከፈተች፣ በዳሰሳ። ወረንጦውን አወጣች፤ ለካ እንደገና ወስዳው ነበር። በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ሰጠችኝ። ከሰዓት ለፈተናሽ ያስፈልግሻል አለች፣ እኔ ከዛሬ ወዲያ ምን ያደርግልኛል።

ተቀበልኳት። አዎ እማዬ፣ ያስፈልገኛል አልኳት። ባጃጁ ደግሞ እየተጣራ ነው፣ ክንዷን ልያዝ።