ስሟ ያልታወቀ የደጋ ሴት

ይድረስ ለወንድሜ ለኤርምያስ እሸቴ፤

ሮተርዳም በሚሉት በዚያ ውኃ በከበበው ከተማ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ብርዱ ደረትህን አልነካህም? እንቅልፍህስ? ጆሮህስ እንዴት ነው? ከዚያ ሁሉ ጩኸት አጠገብ ቆሞ የሚያመሽ ሰው ጆሮው ሳይጠየቅ አይታለፍም ብዬ ነው። እኛ ለክፉ የሚሰጥ ነገር አላገኘንም። ገብሱ ታጭዷል፤ ጉና ውርጩን እንደ ልማዱ ያወርድልናል፤ መብራት ከእኛ ጋር ተኳርፎ ሰንብቶ ሰሞኑን ታርቋል። እኔም ታሪክ ማስተማሬን አላቆምኩም፤ ተማሪዎቼም አለመስማታቸውን አላቆሙም።

ስልክ ትቼ ደብዳቤ የምጽፍልህ፣ ነገሩ ገና ሲጀመር «ይቅርታ እህት ዓለም፣ ልምምድ ላይ ነኝ» ስለምትለኝ ነው። ደብዳቤ ልምምድ ላይ መሆንህን አያውቅም።

የቡድናችሁ የ«ስድስተኛ ጣት» አዲስ አልበም፣ «ውርጭ»፣ በወጣበት ቅዳሜ ባለቤቴ ደሳለኝ ትልቅ ስፒከር ተውሶ መጣ። ስለ እናንተ የተጻፈውን አስቀድሜ አንብቤ ነበር። «ከየትኛውም ኩባንያ ነፃ የሆኑ የሮክ ሙዚቀኞች» ይላል። ኮራሁ። ነፃነታችሁ ከእናትህም ጭምር መሆኑ ያን ጊዜ አልገባኝም። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር። ጎረቤት ይስማልን ብለን ስፒከሩን ግቢ አውጥተን እስከ መጨረሻው ከፈትነው።

ጎረቤትም ሰማ። ሦስተኛው ዘፈን ሲጀምር ጊታር የለም፣ ከበሮ የለም፤ የእማዬ ድምፅ ብቻ ነው። አባታችን የሞተ ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ ቆማ ያወጣችው ሙሾ፦

እሸቴ ስትወጣ በሩን ሳትዘጋ፣
ማን ይችለው ብለህ የጉናን ደጋ።

ከድንኳኑ ጀርባ ቆመህ በስልክህ የቀዳኸው መሆኑ ነው። ለናፍቆትህ ትይዘዋለህ ብዬ ነበር።

አጥር የምትጋራን ውብአለም ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየጮኸች ገባች፤ ከኋላዋ ሠፈሩ። የአገሩ አልቃሽ እናታችን ዓለሚቱ ካለቀሰች ማን ሞተ? እዚህ ያለነው ሁላችንም ቆመን እንታያለን። ስለዚህ የሞትከው አንተ ነህ። አስተሳሰባቸው እንከን አልነበረበትም። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ውብአለም በሩ ላይ አንገቷን አቅፋ «ዓለሚቱዬ፣ ኤርሚን በሰው አገር!» አለቻት። እማዬ መሬት ላይ ወደቀች፤ «ኧረ ዘፈን ነው» ብንል በጩኸቱ የሚሰማን አልነበረም።

በሕይወት መኖርህ የታወቀው የኤሌክትሪክ ጊታርህ ሲገባ ነው። ውብአለም እንባዋን ሳትጠርግ ቀና ብላ «ደግሞ ይሄ የሚያጓራው ምንድን ነው?» አለች። «ኤርምያስ ነው» አላት ደሳለኝ። «እሰይ! ተመስገን!» አለች። ያንተን ጊታር ሰምቶ ፈጣሪውን ያመሰገነ የመጀመሪያው ሰው እሷ ሳትሆን አትቀርም። የእድራችን ዳኛ ጋሼ ዳኛቸው ድንኳን አሸክመው የደረሱት ሰው ሁሉ መሳቅ ከጀመረ በኋላ ነው። «ሞትም በስፒከር ሆነ?» ብለው ተቆጥተው ድንኳናቸውን መለሱ።

እማዬ ግን አልሳቀችም። እዚያው ግቢ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ትንፋሿ የተቆረጠባትን ያቺን ሲቃ፣ ቆርጣችሁ፣ ደጋግማችሁ፣ የከበሮ ምት አድርጋችኋታል። እሷንም ሰማቻት። ሲያበቃ «ይሄ የእሸቴ አይደለም ወይ?» አለችኝ። ነው አልኳት። «እኔ መሆኔን ጽፎታል?» አለች። ስልኩ ላይ ያለውን አነበብኩላት፤ «ድምፅ፦ ስሟ ያልታወቀ የደጋ ሴት» ይላል። «ማንን ጠይቆ አጣው?» አለች።

በማግስቱ ስደውልልህ፣ ስም የሌለው ድምፅ ምስጢር አለው፣ ሰሚውን ይይዘዋል አልከኝ። ደግሞም ለአባታችን ክብር ነው አልክ። ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ አባቱን ለማክበር የእናቱን ስም የሚደብቅ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም ነበር።

የእኛን አገር ነገር ከረሳኸው ላስታውስህ። ለአንድ ሰው የወጣ ሙሾ የዚያ ሰው ነው። እማዬ በስንት ሰው ድንኳን ቆማ አልቅሳለች፤ የአንዱን ግጥም ለሌላው ሰጥታ አታውቅም። ቀብር ካለፈ በኋላ እቤቷ እንኳ አታንጎራጉረውም። ስምሽን እንዲያስገባ ልንገረው ወይ ስላት «ስሜ ምን ያደርግልኛል? ባሌን ለዘፈን አላዋስኩም። ከዘፈኑ ያውጣልኝ» አለች። ይህንኑ ነገርኩህ። «ጓደኞቼን ላማክር» አልክ። የምክራችሁን ውጤት ያየሁት ማስታወቂያችሁ ላይ ነው፤ ያው ዘፈን በአዲስ መልክ፣ ከነቪዲዮው፣ በጥር ይወጣል ይላል።

ይህም ሆኖ ዝም ባልኩህ ነበር። ግን ይፋግ ያለችው አክስታችን ፍቅርተ ባለፈው ወር ዐረፈች። መንገዱ ተከፍቶ ስለነበር ለቀብሯ ደረስን። ዓለሚቱ መጣች ሲባል ሰው ክብ ሠርቶ ጠበቃት። እማዬ መሐል ገብታ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ያን ጊዜ ስልኮች ተነሡ። አንድ ጎረምሳ፣ ለክፋት አይደለም፣ አክብሮ ነው፣ «እማማ፣ ያቺን የጊታሯን ይበሉልን» አላት። እማዬ ወደ ስልኮቹ ዙሪያውን አየች። እጇን አወረደች፤ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሄዳ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። ለአገሩ ሁሉ ያለቀሰች ሴት፣ ያለቻትን አንዲት እህት ያለ አንድ ግጥም ቀበረች። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ያለባቸው ቤቶች ሰው ልከውባት ነበር። አልሄደችም።

ስለ ጥበብ አንከራከር፤ አንተም ትደክማለህ፣ እኔም ደሞዝ አይከፈለኝም። ጊታርህን አልጠላሁትም። አራተኛው ዘፈን በእውነት ደስ ይላል፤ ማንም አልሞተበትም። እንዲያ ያለ መሥራት የምትችል ሰው ነህ። ሦስተኛውን አውርደው። ለጥር ያሰናዳችሁትንም አታውጣው። ጓደኞችህ እምቢ ካሉህ፣ ያቺን ስሟ ያልታወቀ ሴት ታውቃት እንደሆነ ቁርጡን ንገራቸው።

ደሳለኝ ሰላም ይልሃል፤ ስፒከሩን በማግስቱ መልሷል። ልጃችን ማህሌት አጎቴ ታዋቂ ነው እያለች ለጓደኞቿ ታወራለች፤ አላስቆምኳትም። ውብአለም በሕይወት በመኖርህ እስካሁን ደስ እንዳላት ንገሪልኝ ብላለች። ጋሼ ዳኛቸው ሰላምታቸውን ልከዋል፤ ቁጣቸው ገና አልበረደም። የቡድንህንም ልጆች ሰላም በልልኝ፤ ስማቸውን ሁሉ አውቀዋለሁ፣ በትልቁ ተጽፏል። እማዬን ምን ብዬ ልጻፍልሽ ስላት ምስር ትለቅም ነበር። ቀና አላለችም። «ድምፄ እሱ ጋ አይደል?» አለች። «ከዚያው ይስማኝ።»

እህትህ ጽጌ እሸቴ
ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.