ቀይ ያልበራበት ድምጽ

ኦገስት 2፣ እሑድ

የወይዘሮ ካርሊናን ቀሚስ ጫፍ እየሰፋሁ ነበር። ሙቀት። መብራት ሄዶ መጣ። ዋልቤርቶ ኮፍያውን አውልቆ በር ላይ ቆመ። የልጄ የኤዴር ባልደረባ ነው። ፒኮውን፣ ያንን ግድግዳ የሚያክል የሙዚቃ ማጉያ፣ በባራንኪያ ከተማ በየድግሱ የሚያዞሩት አብረው ነው። ትናንትም ለአንድ መንደር በዓል ጭነው ወጥተው ነበር።

"እማማ፣ መኪናው ተገለበጠ" አለ። "ሣጥኖቹ ደህና ናቸው።"

"ስለ ሣጥኖቹ ማን ጠየቀህ?"

ኮፍያውን በእጁ ላይ አዟዟረው።

"ኤዴርስ?"

"አንዱም ማጉያ አልተቀደደም፣ እማማ…" አለና አለቀሰ።

ኦገስት 3

ቀበርነው። ብዙ ሰው መጣ። አልዘነበም።

ኦገስት 5

ለነፍሱ የሚደረጉት ዘጠኙ የጸሎት ምሽቶች ተጀምረዋል። የምትመራው ጎረቤቴ ዲግና ናት። ሳሎን ውስጥ ነጭ ጨርቅ፣ ሻማ፣ ፎቶው። በመጨረሻው ምሽት ጨርቁ ይነሣል፣ ነፍሱም ይሄዳል።

ድምጹን ሳልሰማ እንዲሄድ አልፈልግም። ላስታውሰው ሞከርኩ… ፊቱ ይመጣል፣ ድምጹ አይመጣም። እንዴት? እንዲህ በቶሎ?

ስልኬን ፈተሽኩ። ልጄ በድምጽ መልእክት ልኮልኝ አያውቅም። የላከው ሁሉ ወደ ላይ የቆመ አውራ ጣት ነው። "በላህ?" አውራ ጣት። "መቼ ትመጣለህ?" አውራ ጣት።

ኦገስት 6

ዋልቤርቶ ኮምፒውተሩን ይዞ መጣ። ኤዴር የፒኮው አስተዋዋቂ ነበር፤ በየዘፈኑ መሐል የሚገባ ጩኸቱ ብዙ ተቀድቷል። አንዱን ከፈተልኝ።

"መብረቁ መጣ! ባራንኪያ፣ ተንቀጥቀጪ!"

ጉድጓድ የገባ በሬ ይመስላል።

"ይኼ ልጄ ነው?"

"እሱ ነው። ትንሽ አወፍረነዋል። ማሚቶም ጨምረንበታል።"

"አቅጥነው።"

"አይቀጥንም፣ እማማ።"

አስረዳኝ። ድምጽ ማለት የሚንቀጠቀጥ አየር ነው። ማይክሮፎኑ መንቀጥቀጡን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። ኮምፒውተሩ ደግሞ በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ብዙ ሺህ ጊዜ እየለካ ቁጥር ይጽፋል። ቁጥሩ ግን ጣሪያ አለው። ከጣሪያው በላይ የመጣውን ሁሉ እንደ ጣሪያው አድርጎ ይጽፈዋል፤ ያኔ ቀይ መብራት ይበራል። ስክሪኑ ላይ አየሁት… ክብ ጉብታ መሆን የነበረበት መስመር አናቱ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል።

"የተቆረጠውስ የት ሄደ?"

"የትም። አልተጻፈማ።"

ይኼ ገባኝ። የረዘመ ቀሚስ ይታጠፋል። የተቆረጠውን ማን ያስረዝመዋል?

"ለምን ዝቅ አድርጋችሁ አልቀዳችሁትም?"

"እማማ ደግሞ! ቀዩ መብራት ሳይበራ የቀዳ ፒኮ ሰፈር ውስጥ ምን ይባላል? የለቀስተኛ ሬዲዮ ነው የሚሉን!" አለ። ከዚያ አፉን ያዘ።

ቡና ቀዳሁለት። ምን ላድርገው?

ኦገስት 8

የተቀዳውን ሁሉ አዳመጥን። ሁሉም ቀይ። ልጄ ዕድሜውን በሙሉ ጣሪያ ሲመታ ኖሯል።

የፒኮው ልጆች በመጨረሻው ምሽት ሣጥኖቹን ደጄ ላይ ተክለው "መብረቁ መጣ"ን እስከ ጥግ ሊለቁት ይፈልጋሉ። ክብር ነው አሉ። ዲግና ሰማች።

"ነፍስ የምትሸኘው በጸሎት ነው ወይስ በባስ?"

"እትዬ ዲግና፣ የእርስዎ ጸሎትም እኮ ቀይ ያበራል" አላት ዋልቤርቶ።

"ባለጌ! እናትህ ናት ያልቆነጠጠችህ" አለችው። ስትስቅ ግን አየኋት።

እኔን ማንም አልጠየቀኝም። እኔ የምፈልገው ያንን የጉድጓድ በሬ አይደለም። ልጄን ነው።

ኦገስት 10

ተገኘ።

ዋልቤርቶ ሮጦ መጣ፣ ሰላምታም የለ። ኤዴር እዚህ ቤት ከምሳ በኋላ አዲስ የማይክሮፎን ገመድ ሲሞክር ቀድቶ የረሳው ነው። አጭር፣ ቀጭን። መስመሩ ስክሪኑ ላይ ክር ይመስላል። አናቱ አልተነካም።

"አንድ… ሁለት… ዋልቤ፣ ይሰማል? አይ፣ ከፍ አላደርገውም። እናቴ ገና አሁን ነው የተኛችው። አንድ… ሁለት…"

ይኼው ነው።

ተቀመጥኩ። ዋልቤርቶ ግድግዳውን ያያል። ግድግዳው ላይ ምንም የለም።

ኋላ፣ ለነገ ይጎላ እንደሆነ ሞከረ። ድምጹ ከፍ ሲል የማራገቢያው ጉርምርምታም አብሮ ከፍ አለ። ቤቱ ውስጥ አውሮፕላን የተነሣ መሰለ።

"ዝቅ ብሎ ስለተቀዳ ነው። አንዱን ሲጎትቱት ሌላው ይከተላል" አለኝ።

"እንግዲያው አትጎትተው። እንደተናገረው ይናገር።"

"በፒኮ? ዝቅ አድርገን?"

"በፒኮ።"

ኦገስት 11

የመጨረሻው ምሽት። ልጆቹ ሣጥኖቹን ሁሉ አምጥተው እስከ መስኮቱ አናት ደረደሩ። መንገዱ በሰው ሞላ። አንዳንዱ ገና ከአሁኑ ጆሮውን ይዟል። ጸሎቱ አለቀ። ዋልቤርቶ ማይኩን ይዞ "እባካችሁ ዝም በሉ" አለ። ፒኮ ዝም በሉ ሲል ሰምተን ስለማናውቅ የሳቀ ነበር።

ከዚያ ኤዴር ተናገረ።

ከኋላ የቆሙት አልሰሙም። አንዱ "ይኼን ሁሉ ሣጥን የተሸከማችሁት ለሹክሹክታ ነው?" ሲል ሚስቱ በክርኗ መታችው። ሰዉ ቀስ በቀስ ወደ ሣጥኖቹ ተጠጋ። ሕፃን የያዘች የሕፃኑን አፍ ያዘች። የቢራ ሻጩ ማቀዝቀዣውን ከሶኬት ነቀለ።

"ድገመው" አልኩ። ደገመው።

ዲግና ነጩን ጨርቅ ልታነሣ ነበር። መቁጠሪያዋ የት እንደደረሰ ጠፍቷት ቆማ ቀረች። ጨርቁን እኔ አነሣሁት። አጠፍኩት።

ኦገስት 12

ጠዋት ስነሣ ዝም ብሎ መጣ፣ ድምጹ። ኮምፒውተር የለ፣ ምን የለ። ምንም ትልቅ ነገር አላለም። "እማዬ፣ ካልሲዬን አይተሻል?" ነው ያለኝ።

አላየሁም አልኩት።

ይኼን ለራሴ ነው የጻፍኩት። ግን እኔ ካለፍኩ በኋላ አንድ ሰው እጅ ቢገባ፦ አንቺም ብትሆኚ፣ አንተም ብትሆን፣ ስለ ልጄ ነፍስ አንድ አባታችን ሆይ በሉልኝ። ሙሉ ስሙ ኤዴር ሉዊስ ባሪዮስ ፓዲያ ነው። ስሙን እስከ መጨረሻው ጥሩት። እዚሁ መንገድ ላይ ሌላ ኤዴር አለ፤ እሱ ደህና ነው።