ሰሌዳ ቁጥር ኬኬ 14

ዱሉት፣ ሚኒሶታ
ኦክቶበር 9 ቀን 2018

ለምወድሽ ልጄ ለዊላ፣

እንደምን ከርመሻል? ፈረሶቹስ እንዴት ናቸው? ባለፈው የገና ካርድሽ ላይ አንዱ ጣትሽን ረግጦሽ እንደነበር ጽፈሽልኝ ነበር፤ ድኖልሽ ይሆን? ሞንታና ላይ በረዶው ዘንድሮ ቶሎ እንደጀመረ በሬድዮ ሰምቼ አንቺን አሰብኩ። እዚህ ሐይቁ ገና አልቀዘቀዘም፤ ነፋሱ ግን በር አያስከፍትም። ከመኝታ ክፍልሽ መስኮት ፊት ለፊት የነበረው ዛፍ በመስከረሙ አውሎ ነፋስ ወደቀ። ክፍሉ አሁን ብርሃን በብርሃን ሆኗል፤ እኔ ግን አልወደድኩትም።

ደብዳቤውን በእጄ ነው የጻፍኩት። ቤተ ሙከራ አብሮኝ የሚሠራው ዱዌይን በኮምፒውተር ጻፊው ብሎኝ ነበር፤ ይህን ነገር በኮምፒውተር አልጽፈውም አልኩት። ጽሑፌ ደቆ ካስቸገረሽ ወደ መብራት ጠጋ በይ።

ዊላ፣ ሳላስፈቅድሽ አንድ ነገር አድርጌያለሁ። በሜይ ወር የአንጎል ተመራማሪዎች ማኅበራችን ለዓመታዊው ጉባኤ የጥናት ማጠቃለያ መቀበል ጀመረ። ደንቡን አትረሺውም፤ አንድ አባል በዓመት ለአንድ ሥራ ብቻ ነው ዋስ የሚሆነው፣ አባል ያልሆነ ሰው ደግሞ ያለ ዋስ አይገባም። የዘንድሮውን ዋስትናዬን ላንቺ ሰጠሁት። አቅራቢ በሚለው ቦታ ላይ “ዊላ ሃልቮርሰን” ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ “አቅራቢዋ ተስማምታለች?” የሚል ትንሽ ሳጥን አለ። ምልክት አደረግኩበት። ያልለካችሁትን እንዳትጽፉ እያልኩ ሠላሳ ዓመት ተማሪ ላይ ስጮህ የኖርኩ ሴት በአንዲት ምልክት ዋሸሁ። ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ደግሞ የአቅራቢ ስም አይቀየርም። እናም ሰኞ ኖቬምበር 5 ከምሳ በኋላ፣ ሳንዲዬጎ፣ ጥናትሽ በሚሰቀልበት ሰሌዳ ቁጥር ኬኬ 14 ላይ ስምሽ ተጽፎ ይጠብቅሻል። እባክሽ ደብዳቤውን ገና አትቅደጂው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ምን እንዳደረግኩሽ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን አንድም ቀን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ስለዚህ ልጻፈው። ሁለት የበጋ ዕረፍትሽን እኔ ቤተ ሙከራ ውስጥ አሳለፍሽ። የታመሙትን አይጦች የፊት እግር ቀይ፣ የኋላውን ሰማያዊ ቀለም እየነከርሽ በነጭ ጥቅል ወረቀት ላይ ስታስኬጂ ዋልሽ። ሁላችንም ፓርኪንሰን የሚያመጣውን መንቀጥቀጥ ስንጠብቅ አንቺ እርምጃቸውን ትለኪ ነበር። ከዚያ አንድ ረቡዕ ቀን ስብሰባችን ላይ ተነስተሽ፣ መንቀጥቀጡ ከመምጣቱ ከብዙ ሳምንት በፊት እርምጃቸው እንደሚያጥር ነገርሽን። ድምፅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን አልተቀመጥሽም።

እኔም አሥራ ሁለት ሰው ባለበት “ማየት የፈለግሽውን ነው ያየሽው” አልኩሽ። በእኛ ሙያ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም፤ ሌባ ብልሽ ይሻል ነበር። አልበቃኝ ብሎ፣ አይጦቹ የሰነፉት አብዝተሽ ስለምታቅፊያቸው ነው ብዬ ሰዉን አሳቅሁብሽ። የዚያን ዓመት ዋስትናዬን ለሌላው ተማሪዬ ለቴረንስ ሰጠሁት። የቴረንስ ሥራ ከአንቺ ስለበለጠ አይደለም። ለልጇ አዳላች እንዳልባል ነው። ወረቀቶችሽን አንዴ እንኳ ዘርግቼ አላየኋቸውም፤ ሳላይ ነው የፈረድኩብሽ። ኮትሽን እየለበስሽ ያልሽኝን ዛሬም ድረስ እሰማዋለሁ።

“እናቴ ስለሆንሽ አልለመንኩሽም። እንደማንም አባል አይተሽ ብትፈርሚልኝ ይበቃኝ ነበር።”

ትምህርቱን ትተሽ ከሄድሽ በኋላ ልጅሽ ምን ትሠራለች ሲሉኝ “ከትምህርት ዕረፍት ላይ ናት” እል ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዕረፍት። አምና ጉባኤው ላይ ያው ቴረንስ ጠየቀኝ፤ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፣ የራሱ ቤተ ሙከራ አለው። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እውነቱን ነገርኩት። ፈረስ ኮቴ ላይ የብረት ጫማ ትመታለች፤ አረማመዱን አይታ የቱ ጋ እንዳመመው ታውቃለች አልኩት። “ታዲያ ያንኑ ሥራ እየሠራች ነዋ” አለኝ፤ ምንም ሳይመስለው። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ቤተ ሙከራዬን እየዘጋሁ ነው። ለሰው ሁሉ ጡረታ ደረሰልኝ እያልኩ ነው የምናገረው፤ ክፍሉን አንድ ወጣት ይረከበዋል። በፌብሩዋሪ ከዱዌይን ጋር ማቀዝቀዣዎቹን ስናራግፍ፣ እኔ ናሙናዎቹ ላይ በጻፍኳቸው መለያዎች ላይ ዓይኑን አጨንቁሮ ቆመ። ዱዌይንን ታውቂዋለሽ፤ ሃያ ስድስት ዓመት አብሮኝ ሲሠራ ፊቱ ላይ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር ለይቼ አላውቅም።

“አለቃ፣ ወረቀት ለመቆጠብ ነው? ይሄን እኮ ከአይጦቹ አንዱ የጻፈው ነው የሚመስለው” አለኝ።

ሳቅሁና በእስክሪብቶው አመካኘሁ። በማግሥቱ አዲስ እስክሪብቶ ገዝቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ። በአዲሱም ያው ሆነ። ከዚያ የድሮ የሥራ ደብተሮቼን አውርጄ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። በ2012 አንድ መስመር ላይ ዘጠኝ ቃል ይሞላ ነበር። በ2015 አሥራ ሁለት። ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ። ሁሉም አንድ ዓይነት ደብተር ነው፣ መስመሩ አልረዘመም። ያኔ የፓርኪንሰን ሕመምተኞች ጽሑፍ እየደቀቀ መሄዱ እንዴት እንደሚለካ እንዳስተማርኩሽ፣ ማስመሪያ አምጥቼ ለካሁ። ሁለቴ ለካሁ። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ስነሳ ቀጥ ብዬ የሄድኩት ወደ አንቺ መሳቢያ ነው። ለምን አትበይኝ።

የአይጦቹ ዱካ ያለባቸው ጥቅሎች እንዳስቀመጥሻቸው ነበሩ፤ በፀጉር ማሰሪያሽ ታስረው። ላስቲኩ ደርቆ ስነካው ተበጠሰ። የትኛው የታመመ፣ የትኛው ጤነኛ አይጥ እንደሆነ እንዳላውቅ ዱዌይን ቁጥሮቹን በፕላስተር ሸፈነልኝ። ማየት የምፈልገውን እንዳላይ መሆኑ ነው። ሦስት ሳምንት እየተንበረከክሁ እርምጃ ለካሁ። ፕላስተሩን ስናነሳ፣ ከሠላሳ አራቱ የታመሙ አይጦች የሠላሳ አንዱ እርምጃ ከመንቀጥቀጡ አሥራ አንድ ሳምንት ያህል ቀድሞ አጥሯል። አቅፈሽ ስላባበልሻቸው አይደለም። ጤነኞቹንም እኩል ታቅፊያቸው ነበር፤ ከእነሱ ግን የአንዱም እርምጃ አላጠረም። ይህን ደብተርሽ ላይ ጽፈሽው ኖሯል፤ ያኔ ገልጬ ባየው ኖሮ በአንድ ደቂቃ ይገባኝ ነበር።

ዱዌይን ወደ ኮሪደሩ ወጣ፣ ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። “ልጅቷ ልክ ነበረች። ደውለሽ ለሷ ንገሪያት እንጂ እኔ ላይ አታልቅሺብኝ” አለኝ። ስልኩን ስንት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩት። ፈሪ ነኝ ዊላ። እኔ የማውቀው ቅጽ መሙላት ነው፤ ቅጽ ሞላሁ።

ከዚያ ወዲህ ለጉባኤው ስዘጋጅ ነው የከረምኩት። ሠላሳ ሦስት ዓመት አባል ሆኜ እንዲህ የተዘጋጀሁበት ጊዜ የለም። ጥናትሽ የሰፈረበት ፖስተር ታትሟል። የዛሬ ልጆች በጨርቅ አሳትመው እንደ ሸሚዝ አጣጥፈው ሻንጣ ውስጥ ይከቱታል፤ እኔ ግን ወረቀት ነው ያልኩት፣ በቱቦ ነው የምይዘው። መሐሉ ላይ የቀይና የሰማያዊ ዱካዎችሽን ፎቶ አድርጌያለሁ። ስምሽ ከላይ ብቻውን ነው። እኔ ከታች ዋስ በሚለው ሥር አለሁ። ሆቴሉ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ሰጥቶኛል፤ ወደ አዳራሹ የሚወስደው አውቶቡስ በሩ ላይ ይቆማል። ጫማ ሰፋ ያለ አድርጊ፤ የአዳራሹ ወለል ሲሚንቶ ነው፣ አራት ሰዓት ሲቆሙበት ወገብ ይቆርጣል።

ባጅሽ በፖስታ መጥቷል፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አስገብቼልሻለሁ። ቅጹ ከስም በታች የሚሠሩበት ቦታ ይጻፍ ይል ነበር። ሰው እዚያ ፊት ከማየቱ በፊት ባጅ ነው የሚያየው፤ ስንቱ የታላቅ ዩኒቨርሲቲ ስም አንጠልጥሎ እንደሚዞር አይተሻል። ያንቺ ላይ “የፈረስ ኮቴ ባለሙያ፣ ሞንታና” ብዬ አስጽፌያለሁ። በስምሽ ምን ልጻፍ ብዬ አልተጨነቅሁም፤ አላፈርኩብሽም፤ ከእንግዲህም አላፍርብሽም።

ባለፈው ሳምንት ከዱዌይን ጋር ፖስተር መስቀል ኮሪደሩ ላይ ተለማመድን። አራቱ ማዕዘን ላይ አራት የሰሌዳ ፒን መሰካት ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም። ስድስት ደቂቃ ፈጀብኝ። ሰሌዳው ደረቅ ነው አልኩት። ዱዌይን “አዎ፣ ደረቅ ነው” አለና የወደቁትን ከወለሉ ላይ እየለቀመ ኪሱ ከተታቸው። ምንም አልቀለደም። ቢቀልድብኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ። ያንን ረቡዕ መመለስ አልችልም። ዘጠኝ ዓመትሽን ወስጄብሻለሁ፤ ምናልባትም ከዚያ የሚበልጥ። አንድ ወረቀት ባለመዘርጋቴ አጣሁሽ።

ባትመጪ አልቀየምሽም፤ መብቴም አይደለም። ፖስተሩን ግን ከቱቦው አላወጣውም። በደንቡ የማቅረብ መብቱ ያንቺ ነው፤ እኔ ዋስ ብቻ ነኝ። ስምሽ የተጻፈበት ባዶ ሰሌዳ አጠገብ እቆማለሁ። ባዶ የሆነው ለምንድን ነው የሚለኝ ሰው ካለ፣ ያየችው ልጄ ናት፣ እኔ አላየሁላትም እለዋለሁ። አራት ሰዓት መቆም እችላለሁ። ዘንድሮ እችላለሁ። የከርሞውን እንጃ።

እግዚአብሔር እጆችሽን ይጠብቅልሽ። ስትመቺ መዶሻሽ አይሳት፣ ፈረሶቹም ይታዘዙልሽ። የቀዘቀዘ ቤት አይግጠምሽ። ያቀፍሻቸው ሁሉ ያቅፉሽ።

የምትወድሽ እናትሽ
ሎርና

ልረሳው ነበር። የመጣሽ እንደሆነ፣ ሰሌዳሽ ጋ ቆመሽ ሳለ ከረድፉ ጫፍ ወደ አንቺ ስመጣ ታዪኛለሽ። እግሬን አትመልከቺ። ያን ጊዜ ፊት ፊቴን እዪኝ።