«አርሙኝ» ይሉን የነበሩት መምህር

በተማሪዎቻቸው ዘንድ «ጋሽ አርሙኝ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቁት መምህራችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1958 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤታቸው ከፊት የአባታቸው ሱቅ፣ ከኋላ የቤተሰቡ መኖሪያ ነበር። በልጅነታቸው ከስፌት መኪናው ሥር ቁጭ ብለው ፔዳሉ መርፌውን እንዴት እንደሚያንቀሳቅሰው ሲመለከቱ ይውሉ ነበር። አንድ ቀን አባታቸው ወጣ ሲሉ መኪናውን ፈታተው መልሰው ሲገጥሙት አንዲት ብሎን ተረፈቻቸው። አባታቸው አልተቆጡም። ብሎኗን መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው «የት እንደምትገባ እስክታውቅ አብራህ ትኑር» አሏቸው። ጋሽ አርሙኝ ይህን ታሪክ በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎቻቸው ያወሩ ነበር። ብሎኗ የት እንደምትገባ ማወቅ አለማወቃቸውን ግን ለማንም ተናግረው አያውቁም።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ሰፈር አጠናቀው በ1976 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በ1980 ዓ.ም. በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀብለው እስከ ሕመማቸው ድረስ ባልተለዩት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ።

በ1985 ዓ.ም. ለክትባት ወደ ትምህርት ቤቱ ከመጡ ነርስ ጋር ተዋወቁ። መርፌ ሲያዩ ፊታቸው እንደ ጠመኔ የነጣውን መምህር፣ ነርሷ ተማሪዎች ፊት እንዳያፍሩ ብለው ከመጋረጃ ጀርባ ወሰዷቸው። በቀጣዩ ዓመት ተጋቡ፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ። እህታቸው በሞት ስትለይ ደግሞ ልጇን ወስደው ከልጆቻቸው ሳይለዩ አሳደጉ።

በ2009 ዓ.ም. ለትምህርት ቤቱ ታብሌቶች ሲመጡ ከሁሉም በላይ የተቃወሙት ጋሽ አርሙኝ ነበሩ። በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነሥተው «ይህ ነገር ጣት ያፈጥን ይሆናል እንጂ ጭንቅላት አያፈጥንም» አሉ። ታብሌቶቹም እንዳይሰበሩ ተብሎ ዕቃ ቤት ውስጥ ተቆለፈባቸው።

ሐሳባቸውን ያስለወጣቸው የልጃቸው ስልክ ነው። ልጃቸው መሬት ላይ የሚነጥር ኳስ በስልኳ ቀርጻ ፊልሙን በዝግታ ስታሳያቸው፣ ኳሱ መሬት ሲነካ እንደ ሊጥ ጠፍጠፍ ብሎ ተመልሶ ክብ ሲሆን አዩ። እጃቸውን እያወዛወዙ ዕድሜ ልካቸውን ያስረዱትን ነገር ተማሪ በዓይኑ ሊያየው እንደሚችል ያን ጊዜ ገባቸው። ምሳቸው ቀዘቀዘ፤ እርሳቸው ግን ኳሱን ደጋግመው ያስነጥሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ዕቃ ቤት ጠባቂውን ደጅ መጥናት ያዙ። ጠባቂው «ጋሽዬ፣ አታምጡብን ብለው አልነበር እንዴ?» ሲላቸው «አዎ፣ ተሳስቼ ነበር፤ አሁን ክፈትልኝ» ነበር መልሳቸው። በ2011 ዓ.ም. በእርሳቸው ኃላፊነት ታብሌቶቹ ወጡ።

በትምህርት ቤቱ መብራት በጠፋ ቁጥር ታብሌቶቹን ቤታቸው ወስደው ቻርጅ ያደርጉ ስለነበር ሳሎኑ በገመድ ተሞልቶ መረማመጃ ይጠፋ ነበር። ባለቤታቸው እንግዳ ሲመጣ «እዚህ ቤት ያልተሰካሁት እኔ ብቻ ነኝ» እያሉ ያስቁ ነበር።

በክፍል ውስጥ ይጠቀሙበት የነበረው አንድ የጥያቄና መልስ መተግበሪያ ነው። መምህሩ ጥያቄውንና ትክክለኛውን መልስ አስቀድሞ ይሞላል፤ ተማሪው በታብሌቱ ሲመልስ፣ ካገኘ አረንጓዴ፣ ከሳተ ቀይ ይበራለታል። በመጀመሪያው ቀን ካቀረቧቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ጫፍ ደርሶ ለቅጽበት ሲቆም የመሬት ስበት ይስበዋል ወይስ አይስበውም የሚል ነበር። ጋሽ አርሙኝ መልሱን ሲሞሉ አውራ ጣታቸው ስታ «አይስበውም» የሚለውን ነካች። አብዛኛው ተማሪም እንደዚያው አስቦ ስለነበር ክፍሉ በአረንጓዴ ተሞልቶ በጭብጨባ ተናወጠ። ቀይ የበራው በአንድ ታብሌት ላይ ብቻ ነበር።

ታብሌቱን የያዘችው ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ ከገባች ጀምሮ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ነበረች። ያን ቀንም እጇን አላወጣችም። መተግበሪያው ስም ሳይጠቅሱ ለመምህሩ መጻፍ ያስችል ስለነበር «ባይስበውማ እዚያው ተንሳፍፎ ይቀር ነበር» ብላ ላከች። ጋሽ አርሙኝ አነበቡት፤ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አነበቡት። ከዚያም ወደ ክፍሉ ዞረው «ተሳስቻለሁ። ያረመኝ ሰው ይመስገን» አሉ። ማን እንደሆነ ግን አልጠየቁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጥያቄዎቹ መካከል ሆን ብለው አንድ የተሳሳተ መልስ መቅበር ልማዳቸው ሆነ። ተማሪው አረንጓዴ ስለበራለት ብቻ ደስ ብሎት እንዳይቀመጥ፣ ታብሌቱንም መምህሩንም እንዲጠረጥር ይፈልጉ ነበር። ጥያቄዎቹን ሲከፍቱ የሚናገሩት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «አርሙኝ»። ቅጽል ስማቸውም ከዚሁ ወጣ።

ይህ ልማድ ግን በዓመቱ መጨረሻ ከክፍላቸው ሊያስወጣቸው ተቃርቦ ነበር። የትምህርት ሱፐርቫይዘሩ ጥያቄዎቹን ሲመረምሩ ስህተቶቹን አግኝተው፣ መምህሩ ከቴክኖሎጂውም ከትምህርቱም እንዳልተዋወቁ ሪፖርት አደረጉ። ታብሌቶቹ ወደ ዕቃ ቤት እንዲመለሱ፣ ጋሽ አርሙኝም ከማስተማር ተነሥተው ወደ ቤተ መጻሕፍት እንዲዛወሩ ሐሳብ ቀረበ። ቤት ገብተው ራት ሳይቀምሱ ተኙ። በማግሥቱ ግን ርዕሰ መምህርቷን የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመወሰናቸው በፊት ሱፐርቫይዘሩን ይዘው አንድ ክፍለ ጊዜ እንዲቀመጡላቸው።

ሁለቱም መጥተው ተቀመጡ። ጋሽ አርሙኝ ስለ ራሳቸው ምንም ሳይናገሩ ጥያቄዎቹን ከፍተው «አርሙኝ» አሉ። ተማሪዎቹ በየወንበራቸው ይከራከሩ ጀመር። አንዱ «ሦስተኛው ነው የተበላሸው» ሲል ሌላው «አንተ ራስህ ነህ የተበላሸኸው፣ ቀመሩን እየው» ይለዋል። ክርክሩ ሲበርድ ያቺ የኋላ ወንበር ልጅ ቀስ ብላ እጇን አወጣች። አምስተኛው መልስ ለምን ስህተት እንደሆነ ከሰሌዳው ፊት ቆማ አስረዳች። ጋሽ አርሙኝ ጀርባቸውን ሰጥተው መስኮቱን ሲመለከቱ ቆዩ።

ርዕሰ መምህርቷ ከክፍል እንደወጡ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አስመጥተው ለጋሽ አርሙኝ በእጃቸው ሰጧቸው። ሱፐርቫይዘሩ በበኩላቸው ሪፖርታቸውን በገዛ እጃቸው አስተካከሉ። ሲሰናበቱም ለወደፊቱ ስህተቱ የት እንደተቀበረ አስቀድመው እንዲነግሯቸው ሲጠይቁ ጋሽ አርሙኝ «ከነገርኩዎማ ምኑን አረሙኝ» ብለው አሳቋቸው። ከዚያ ወዲህ የሌሎች የትምህርት ዓይነቶች መምህራንም ዘዴውን ከእርሳቸው ተምረው ሠርተውበታል።

ጋሽ አርሙኝ እንከን የሌለባቸው ሰው አልነበሩም። እልኸኛ ነበሩ። በአንድ የሒሳብ መምህር ላይ በመምህራን ማረፊያ በተነሣ ክርክር አኩርፈው ዓመት ያህል ሰላምታ ነፍገዋቸዋል፤ ኋላ ይቅርታ የጠየቁት ግን እርሳቸው ናቸው። ስልክ ሲደወልላቸው አያነሡም ነበር። የሠርግ ጥሪ ሲደርሳቸውም የፊደል ግድፈቱን በቀይ አርመው ለሙሽሮቹ ይመልሱ ስለነበር ባለቤታቸው በየቤቱ እየዞሩ ይቅርታ መጠየቅ ነበረባቸው።

በ2016 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። በባለቤታቸውና በሐኪሞቻቸው ብርቱ እንክብካቤ ሲታከሙ ቆይተው በ2017 ዓ.ም. አልጋ ያዙ። ከአልጋቸው ሆነውም ጥያቄዎችን እያዘጋጁ ለክፍላቸው ይልኩ ነበር። የመጨረሻዎቹን በላኩ ዕለት ከተማሪዎቻቸው «ጋሽ፣ ሁለት ስህተት አግኝተናል» የሚል መልእክት መጣላቸው። አንዱ እርሳቸው የቀበሩት ነበር። ሁለተኛውን ግን አያውቁትም ነበርና ታብሌቱን ተቀብለው ሲያዩት በእርግጥም ተሳስተዋል። ከታመሙ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አልታዩም። ባለቤታቸውን ጠርተው «አየሽ፣ ያልደበቅሁትንም አገኙት» አሏቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ጋሽ አርሙኝ ከባለቤታቸው፣ የመድኃኒት ባለሙያ ከሆነችው ሴት ልጃቸው፣ ቀያሽ ከሆነው ወንድ ልጃቸው፣ ከኋላ ወንበር እጇን እስክታወጣ ሳያስገድዱ ከጠበቋትና ይህን ታሪክ ከጻፈችው የእህታቸው ልጅ፣ እንዲሁም ቁጥራቸው ከማይታወቅ ተማሪዎቻቸው ተለይተዋል።

የሕይወት ታሪካቸውን የሚጽፍ ሰው ውዳሴ እንዳያበዛና ሳያጣራ እንዳይጽፍ አደራ ብለው ነበር። ስለዚህ እዚህ ከተነበበው ውስጥ የተሳሳተ ነገር ያገኘ ሰው በእርሳቸው ደንብ መሠረት ዝም አይበል፤ እጁን ያውጣ። እጅ ማውጣት የሚከብደውም ስሙን ሳይጠቅስ ይጻፍልን፤ እናርማለን።

ፈጣሪ የመምህራችንን ነፍስ በሰላም ያሳርፍ፤ ለቤተሰባቸውና ለተማሪዎቻቸውም ብርታቱን ይስጥ።