እማዬ በአፏ የምትመልሰው ቃል

ለወንድሜ ለቶአደር፤

እንደምን ሰነበትክ፣ ወንድም ዓለም? ጤናህስ? ያ ወገብህ ተሻለው ወይስ አሁንም ሲሚንቶ ትሸከምበታለህ? ሚስትህ ግራዚዬላስ ደህና ናት? እናንተ ጋ ቅዝቃዜው ጀመረ ወይስ ገና ነው? መልስ እንደማትሰጠኝ ባውቅም መጠየቄን አልተውም፤ ታላቅ እህት አድርጎ ፈጥሮኝ ምን ላድርግ። እኔና ባለቤቴ ፓንተሊሞን ደህና ነን። እማዬ ግን ደህና አይደለችም። ዙሪያ ጥምጥም እየሄድኩ አላደክምህም፤ ምላሷ ላይ ካንሰር ወጥቶባታል፣ የፊታችን ማክሰኞ ያሺ ሆስፒታል ይቆርጡላታል። እባክህ ወረቀቱን እዚህ ላይ አትጣለው፣ እስከ ታች አንብበው።

ነገሩ የተጀመረው ለራሷ ቀብር ባስቀመጠችው ልብስ ነው ብልህ ታምነኛለህ? በሴፕቴምበር፣ በማርያም ልደት ዕለት፣ እንደ ልማዷ ሳጥኗን ከፍታ ጥቁሩን ቀሚስ አጥር ላይ አሰጣችው። ከዚያ ደግሞ ይጥበበኝ ይስፋኝ ብላ ለበሰችው። ጎረቤታችን ዛምፊራ ካጥሩ ማዶ አይታ ዝም ትላለች? «ሳቬታ፣ ቀሚሱስ አምሮብሻል! በነዚያ ሁለት የጥርስ ስባሪዎች ስትስቂለት ግን ባልሽ በርግጎ ከሰማይ ቤት እንዳይወጣ!» አለቻት። እማዬ መጥረጊያ ይዛ እስከ መንገዱ አባረረቻት። ማታ ራት ላይ ግን ማንኪያዋን አስቀምጣ «አግላያ፣ ጥርስ አስገቢልኝ» አለችኝ። «ለመብላት አይደለም፣ ለመሞት ነው። አባታችሁ ትቶኝ የሄደው ጥርሴ ሙሉ ሆኖ ነው።»

ሐኪም ቤት እንዴት እንደምትፈራ ታውቃለህ። ልጅ ሆና የኅብረት እርሻው አስታማሚ ያለ ማደንዘዣ መንጋጋዋን ሲነቅላት ሁለት ወንዶች ትከሻዋን ይዘው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥርሷን ባመማት ቁጥር የፕሪም አረቄ ጉንጯ ውስጥ ይዛ ትቀመጣለች፣ ኋላም ትውጠዋለች፤ «ከሐኪም እሱ ይሻለኛል» ነው ወጓ። እኔም እንደዚያው ነኝ፣ መላው መንደር እንደዚያው ነው።

ዶሮሆይ ወሰድኳት። ዶክተሯ ኮሪና ትባላለች፣ ገና ልጅ ናት። እማዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ዶክተሯ አልቸኮለችም። መጀመሪያ ድዷን እንጆሪ እንጆሪ የሚል ቅባት ቀባችላት፣ መርፌው እንዳይሰማት ነው አለች። አፍንጫዋ ላይ ጭንቀት የሚያቀልል ጋዝ ያለው ጭንብል፣ ጆሮዋ ላይ ደግሞ ሙዚቃ አደረገችላት። «እማማ፣ ትንሽ እንኳ ካመመዎት ግራ እጅዎን ያንሱ፣ ወዲያው አቆማለሁ» አለቻት። እማዬ ገና ሳትነካ እጇን አነሳች። ዶክተሯ አቆመች። ደግማ አነሳች፣ አሁንም አቆመች። በሦስተኛው «እማማ፣ አመመዎት ወይስ እያዘዙኝ ነው?» ብትላት እማዬ ምን አለች መሰለህ? «ልጄ፣ ዕድሜ ልኬን እጄን ሳነሳ ያቆመልኝ ሰው የለም፤ ተዪኝ ትንሽ ልደሰትበት» አለቻት። ሳቅን። ያኔ ሳቅን፣ ቶአደር።

ሁለቱም ስባሪዎች ሳይሰሟት ወጡ። ጥጡን ነክሳ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ «ሳያምም ይነቀላል እንዴ? ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ምን ነክቶኝ ነው የፈራሁት?» አለች። እኔ የደስታ እንባ መስሎኝ ነበር።

ዶክተሯ ግን ገና ከመንቀሏ በፊት ምላሷን በጨርቅ ይዛ ጎኑን ስታይ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። «እማማ፣ ይሄ ቁስል ከመቼ ወዲህ ነው?» አለቻት። «ከፋሲካ ወዲህ። ስባሪው እየፋቀኝ ነው፣ በአረቄ እያከምኩት ነው» አለች እማዬ፣ እንደ ጀብድ አድርጋ። ዶክተሯ እኔን ለብቻ ጠርታ፣ ስባሪው ስለወጣ ቁስሉ በሁለት ሳምንት ካልደረቀ ዝም አይባልም አለችኝ። አልደረቀም። ያሺ ልካን ትንሽ ቆርጠው መረመሩት። ውጤቱ ካንሰር ነው፤ አንገቷ ሥርም አብጧል፣ ወደዚያ ወርዷል አሉ። አብዛኛውን ምላሷን ይቆርጣሉ፤ ከዚያም በኋላ ተስፋው የመነመነ ነው። ካልተቆረጠ ደግሞ ስቃዩና መታፈኑ ነው የሚጠብቃት። ዶክተር ኮሪና ውጤቱን ስትሰማ አለቀሰች፤ «በፋሲካ መጥታ ቢሆን» ብላ ተወችው። ሰው ሠራሹ ጥርስ ቀረ፤ ልኩም አልተወሰደም።

እማዬ ሐኪሙን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከዚያ ወዲያ እናገራለሁ?» አለችው። ሰውየው አላባበላትም፣ እግዜር ይስጠው። «ድምፅ ይኖርዎታል፤ ቃል ግን ለሰው የሚገባ አይሆንም» አላት። እሷ! ካህኑ እንኳ ምላሷን ፈርቶ በጓሮ የሚያልፋት ሴትዮ!

ከተመለስን ጀምሮ ቤት አትቀመጥም። ያበጠ ምላሷን እየጎተተች በየደጁ ትዞራለች። ለካህኑ ስብከቱ እንደሚረዝም ነገረችው። ዛምፊራን «አንቺ ባትሰድቢኝ ሐኪም ቤትም አልሄድም ነበር፣ እግዜር ያክብርሽ» ብላ ስትስማት ዛምፊራ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አነባች። ለእኔም ልጅ ሆኜ አመስግናኝ የማታውቀውን ሁሉ ባንድ ከሰዓት አመሰገነችኝ፤ አንጀቴን በላችው። ያለባትን ሁሉ እየጨረሰች ነው።

የቀረኸው አንተ ነህ። ባለፈው የገና ማዕድ ላይ ግራዚዬላን ልጅ አልወለደችም ብላ «ባዶ ሆድ» ያለቻት ቃል ዕረፍት ነስቷታል። ግራዚዬላ ቋንቋችንን ባታውቅም ፊትህን አይታ ገብቷታል፤ እማዬም ያን አይታለች። አንተም ጎመን ጥቅሉን ሳትጨርስ ሚስትህን ይዘህ ወጣህ፣ ስልክህንም ቀየርክ። እኔ «ይቅርታ ብላሃለች ብዬ ልጻፍለት» ብላት ተቆጣች። «በአፌ ያልኩትን በአፌ ነው የምመልሰው። በወረቀት? ሞቼ ነው የምገኘው! ሚስቱም አጠገቡ ሆና ትስማኝ» አለች። ስለዚህ ይቅርታዋን እዚህ አታገኘውም። ቶአደር፣ አፈር ስሆንልህ፣ ከማክሰኞ በፊት ደውል። የቤቱ ስልክ ያው ነው።

ትደውላለህ ብዬ ግን አላምንም፣ ልዋሽህ አልችልም። ጣሊያን፣ ቶሪኖ ያሉትን የመንደራችንን ልጆች ሁሉ ጠየቅሁ፤ ቤት ቀይሯል፣ አድራሻውን አናውቅም አሉኝ። ዕቃ የሚያመላልሰው ጂካ በበኩሉ፣ ቅዳሜ ሚኒባሱን አደባባዩ ላይ ሲያቆም አንዳንዴ ከማዶ ቆመህ እንደምታይ፣ ሲጠራህ ግን ዞረህ እንደምትሄድ ነገረኝ። የላክሁልህን የፕሪም ማርማላታም ሁለት ጊዜ መልሶ አመጣው። በዚህኛው ግን እየሮጠም ቢሆን ይሄን ወረቀት እጅህ ላይ እንዲያደርግ አስምዬዋለሁ። ነገ ሐሙስ ይነሳል፣ ቅዳሜ እናንተ ጋ ነው። እሑድና ሰኞ አሉህ።

ለግራዚዬላ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ እኔ በበኩሌ ከዚያች ቀን ጀምሮ አፍሬ አለሁ በላት። ፓንተሊሞን ሰላም ብሎሃል፣ የአባባን የወይን ተክል ዘንድሮም እሱ ነው የገረዘልህ። ዛምፊራም ሰላም ትልሃለች፣ አሁንም ታለቅሳለች። እማዬ ሰላም በሉት አላለችም፤ ለራሷ አስቀምጣዋለች።

እህትህ አግላያ
ሩማኒያ፣ ከዶሮሆይ አጠገብ፣ ከመንደራችን
ረቡዕ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 2011

ቶአደር፣ ፖስታውን ልዘጋ ስል ከያሺ ተደወለ። አንድ ሕመምተኛ ስለቀረ ቦታው ለእማዬ ተሰጥቷል፤ ነገ እንገባለን፣ ዓርብ ጠዋት ይቆርጡላታል። አይሆንም፣ ይቆይ ብዬ ለመንኩ፤ እብጠቱ አይጠብቅም አሉኝ። ይሄን ስታነብ ሁሉም አልቋል። እማዬን «ለኔ ንገሪኝ፣ አደርስልሻለሁ» ብላት «ለሱና ለሚስቱ ነው፣ ላንቺ አይደለም» አለች። የቀብር ቀሚሷንም አጣጥፋ ወደ ሳጥኗ መለሰችው።

ደብዳቤውን ግን አልቀደድኩትም፣ ለጂካ እሰጠዋለሁ። ቢሆንም ደውል። የኔን ቁጥር ከጀርባው ጽፌዋለሁ፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እይዝላታለሁ። መልስ አትጠብቅ። አንተ ብቻ አውራት፣ ግራዚዬላም በቋንቋዋ ታውራት፤ እማዬ ትሰማለች።